ሰማያዊዋ ብይ የምን ነበረች?

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ፣ በልጅነታችን ጠጉርሽን እየጎተትኩ ላስለቀስኩሽ ለታናሽ እህቴ ለፌንጣ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽ ነበር። ከአጥር አጥር ስትዘይ አይቼ «ፌንጣ» ያልኩሽ ልጅ ደረጃ አቃታት ሲባል መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ቆይቼ ግን አዘንኩ። የዓይንሽ ሞራስ ተገፈፈልሽ? አዲሱ ጥርስሽስ ለመደልሽ? «ስስቅ እየቀደመኝ ይወጣል» ያልሽው እውነት ነው ወይስ እኔን ለማሳቅ ነው? ዝምተኛው ባልሽ እንዴት ነው? አሁንም በቀን ሦስት ቃል ነው የሚናገረው ወይስ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አራት አድርሶታል?

እኔማ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሩን አንስቼ ነበር። ስንት ዓመት እንደዚያ ስጽፍልሽ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም እህቴ፤ ፈርቻለሁ። ጨለማ የፈራሁ እንዳይመስልሽ፤ ፀሐይ ሙሉ በገባበት ሳሎን ውስጥ፣ በጠራራ ቀን፣ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የፈራሁት። እንዳትደነግጪ ከሥሩ ልንገርሽ። ነገሩ የሚጀምረው ከጠረጴዛ ነው።

ሳሎናችን መሃል ያለችውን ዝቅተኛ ጠረጴዛ አትረሻትም፤ የመጣሽ ጊዜ እግርሽን ሰቅለሽባት ልጄ «አክስቴ፣ እሷ እኮ አልጋ አይደለችም» ያለችሽን ማለቴ ነው። ያኔም አሮጊት ነበረች፤ አሁን ደግሞ ጭራሽ እኔን ሆናለች። አንድ እግሯ አጥሮ ካርቶን ታጥፎ ተደርጎላታል፣ ፊቷም የብርጭቆ ክብ ተደራርቦበት ተጨማዷል። ልጄን አለቃዬ ነው የምላት፤ የጫማ መደብሩ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ እኔንም እንደ ሻጮቿ ታዘኛለች። አለቃዬ ስልኳ ላይ ያማሩ የሳሎን ጠረጴዛዎች እያየች ትመኝ ነበር። ትሪ፣ የተደራረበ መጽሐፍ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ሻማ። «አባዬ፣ የአንዷ ጎድጓዳ ሳህን ዋጋ ጠረጴዛዋን ራሷን ይገዛል እኮ» ትልና ስልኩን ትዘጋዋለች። አንድ ቀን «ለእኔ ተዪልኝ፤ ከቦርሳሽ አምስት ሳንቲም ሳይወጣ አስጌጥልሻለሁ» አልኳት። ደስ ብሏት ግንባሬን ሳመችኝ። ለእሷ ብዬ መስሏት ነው። አልነበረም።

እውነቱ ይኸውልሽ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ጋዙን ሁለት ጊዜ ረስቼዋለሁ። መጀመሪያ ሻይ ጥጄ ማንቆርቆሪያው ደርቆ ቀልቶ ተገኘ፤ እሱን በቀልድ አለፍኩት። በሁለተኛው ግን ጋዙን ከፈትኩና ክብሪት ፍለጋ ወጣሁ፤ መንገዴ ላይ ጋዜጣ አገኘሁ፤ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። አለቃዬ ከሥራ ስትገባ ሽታው ከበር ተቀበላት። መስኮቱን ሁሉ በረገደችው፣ ጮኸችብኝ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ አስመዘገበችኝ። አንዲት ነርስ ቤት ድረስ መጥታ የማስታወስ ነገሬን ትመረምራለች፤ «ቀን ቀን ብቻውን መዋል ይችላል» ካለች እዚሁ እኖራለሁ፣ «አይችልም» ካለች ወደ አረጋውያን መጦሪያ እሄዳለሁ። «ሥራዬን ትቼ ልጠብቅህ አልችልም አባዬ፤ ትቼውስ ምን እንበላለን?» አለችኝ። ልክ ናት።

መጦሪያውን አውቀዋለሁ። አውቶቡሱ መጨረሻው ላይ ሲያራግፍሽ ፊት ለፊትሽ ያለው ግንብ ነው። ፀጉር አስተካካዩን ልጠይቀው ሄጄ ነበር፤ ያ ዳማ ስንጫወት በየጨዋታው የሚያጭበረብረኝን ሰውዬ። ግቢው ንጹሕ ነው፣ አልጋውም ደህና ነው፣ ክፉ አላወራበትም። ግን ሰውዬው ዓይኔን አይቶ አላወቀኝም። ወንበር አሳየኝና «ተራህን ጠብቅ፤ ካንተ በፊት ሁለት ሰው አለ» አለኝ። ሊቆርጠኝ መሰለው። እንደ ወትሮዬ ልቀልድ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። እስከ ዛሬ ያች «ተራህን ጠብቅ» የምትለው ቃል ጆሮዬ ላይ አለች። አባታችንስ? የገዛ በራችን ላይ ቆሞ «የዚህ ቤት ሰዎች ደጎች ናቸው? ውሃ ቢጠይቋቸው ይሰጣሉ?» ብሎ የጠየቀው አንቺን ነው። አንቺ ውሃውን ሰጠሽው፤ እኔ ጓሮ ሄጄ ተደበቅኩ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ?

ስለዚህ በሰማንያ ዓመቴ ኩረጃ ጀመርኩ። አትሳቂ! አርባ ዓመት በማተሚያ ቤት ከእርሳስ ብረት የተቀረጸ ፊደል እየለቀምኩ ስደረድር እንደኖርኩ ለአንቺ አይነገርም። የእርሳስ ፊደል ተገልብጦ ነው የሚደረደረው፤ እኛ ለቃሚዎች ከቀኝም ከግራም፣ ተዘቅዝቆም ማንበብ እንችላለን። ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ደብዳቤውን ሲያነብ እኔም በነጻ አብሬው አነብ ነበር። እናም ጠረጴዛዋን እንደ ገጽ ልደረድራት ወሰንኩ። ለሌላው ሰው ጌጥ፣ ለእኔ ጽሑፍ።

መጀመሪያ ፊቷን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ትከሻዬ ሦስት ቀን አመመኝ። ታች ያለው አናጢ ከጣሳ ሥር የተረፈች ቫርኒሽ ሰጠኝ። ከአሮጌው መጋረጃ ጫፍ ቀድጄ መሃሏ ላይ የምትነጠፍ ጨርቅ አወጣሁ፤ የሻይ ትሪያችንን፣ አንድ ትንሽ ሳህን፣ የተረፈች ሻማና አሮጌ መጽሐፎቼን አኖርኩባት። የዘይት ጠርሙስ አጥቤ በሲባጎ ከላይ እስከ ታች ጠመጠምኩና መንገድ ዳር ዛፍ ሲከረክሙ የጣሉትን ደረቅ ጭራሮ ሰካሁበት፤ ዘጠኝ ጭራሮ፣ ወሩ ዘጠነኛው ስለሆነ። ከግንባታ ቦታ ሰባት ለስላሳ ጠጠር ለቅሜ ትሪው ላይ አኖርኩ፤ ሰኞ አንዷን ወደ ሳህኑ አሻግራለሁ፣ ማክሰኞ ሁለተኛዋን፤ ሳህኑን ያየ ቀኑን ያውቃል። ፊደል የምደረድርባትን ብረት ከጡረታ ስጦታዬ ውስጥ አውጥቼ አወለወልኳትና የአለቃዬን የሥራ ስልክ በእርሳስ ቁጥሮች ደረደርኩባት። የተገለበጠ ስለሆነ ማንም አያነበውም። መጨረሻ ላይ ከመሳቢያ ጥግ አንዲት ሰማያዊ ብይ አገኘሁ። ቀለሟ የጋዙን ነበልባል ቁርጥ ነው። ወደ ኩሽና በሚወስደው ማዕዘን፣ በቀኝ እጄ በኩል አስቀመጥኳት፤ ባየኋት ቁጥር «ጋዙን ዘጋኸው ወይ?» ትለኛለች።

እንዴት እንዳማረ ብታዪ! አለቃዬ ፎቶ አንስታ ለሥራ ባልደረቦቿ ላከች። «አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ይሄን ሙያ የት ደብቀኸው ነበር?» አለችኝ። «ሙያ በልብ ነው» አልኳት። በልቤ ግን ሌባነቴን አውቅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ነርሷ መጣች። ፈገግታዋ መልካም የሆነ ወጣት ሴት ናት፤ ቦርሳዋ ግን የዳኛ ነው። አለቃዬ ለዚሁ ብላ ከሥራ ቀርታ ነበር። እንግዳዋ በመስኮቱ በኩል እንድትቀመጥ ብላ ከእኔ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፤ እኔን ወዲያ ማዶ አዞረችኝ፤ ጠረጴዛዋን ወደ እኔ ላዞራት ብል «ቆንጆው ፊት ለእንግዳ ነው» ብላ ከለከለችኝ። ገጹ በሙሉ ተዘቀዘቀብኝ! ግን አርባ ዓመት የሠራሁበት ዓይን ነውና ተረጋግቼ አየሁት፤ አነበብኩት። «አባት፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሳህኑ ላይ አራት ጠጠር፤ ሐሙስ። «ወሩስ?» ጭራሮ ቆጠርኩ። «ልጅዎን በስልክ ማግኘት ቢፈልጉ?» ቁጥሩን አንበለበልኩት። አለቃዬ እንኳ አፏን ከፍታ አየችኝ። በየመሃሉ ቀልድ ጣል አደርጋለሁ፤ ነርሷ ትስቃለች፤ እኔ ሳቋ ውስጥ እደበቃለሁ።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ነርሷ እየጠየቀችኝ ሳለ እጇን ዘርግታ ሰማያዊዋን ብይ አነሳቻትና በጣቶቿ መሃል ታንከባልላት ጀመር። «ከመተኛትዎ ወይም ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ምን ያረጋግጣሉ?» አለችኝ። ጠረጴዛዋን አየሁ። ምንም የለም። ጭንቅላቴን ፈለግኩት፤ እዚያም ምንም የለም። እህቴ፣ ባዶ ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ? ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ግድግዳው ላይ የሥዕሉ ቦታ ብቻ ነጥቶ የቀረበት? እንደዚያ ነበር። «እንደው አባት፣ ለደህንነት ብለው?» አለችና ብይዋን ወደ ቦታዋ መለሰቻት። «ጋዙን!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም ሳቁ፤ ቀልድ መሰላቸው። ነርሷ ጽፋ ጽፋ ወረቀቱን አጠፈችና «እርስዎ እኮ ከእኔ ይሻላሉ» ብላ ጨብጣኝ ሄደች። አለቃዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የእሷ የደስታ ነው፣ የእኔን ግን አልነገርኳትም።

አሁን የማስቸግርሽበት ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። አለቃዬ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ብቻዬን ሆንኩ። በማተሚያ ቤት ገጽ ታትሞ ሲያልቅ ለቃሚው ያፈርሰዋል፤ እያንዳንዷን ፊደል ወደ ሣጥኗ ይመልሳታል። ያላፈረሰ ለቃሚ ሥራውን አልጨረሰም። እጄ ያንን አስታወሰ። ጭንቅላቴ የሚረሳውን ሁሉ እጄ አይረሳም፣ አየሽው? ሳላስበው ጠጠሩን ለብቻ፣ ጭራሮውን ለብቻ፣ ቁጥሮቹን ለብቻ አድርጌ ገጹን በተንኩት። ማታ አለቃዬ ስትገባ «አባዬ ምነው! እሑድ ባልደረቦቼ ሊያዩት ሊመጡ ነው እኮ፤ እንደነበረ አድርግልኝ» አለች። ይሄ ምን ያቅተኛል ብዬ ለቅዳሜ ቀጠርኳት።

ቅዳሜ ዛሬ ነው። ጠዋት ድንች ጣድኩና ሳሎን ተቀመጥኩ። ጨርቁን አነጠፍኩ፣ ጠርሙሱን አቆምኩ፣ ጠጠሮቹን አሰለፍኩ፣ ቁጥሮቹን ደረደርኩ። ሁሉም ቦታውን አገኘ። እጄ ላይ ሰማያዊዋ ብይ ብቻ ቀረች። አየኋት። ወደ ብርሃን አነሳኋት። የምን ነበረች? ለአንድ ነገር እንዳስቀመጥኳት አውቃለሁ፤ ትልቅ ነገር እንደሆነም አውቃለሁ። የመድኃኒቴ ትሆን? የቤቱ ቁልፍ? የሰው ልደት? አንዴ ከሻማው አጠገብ አኖርኳት፣ አንዴ መጽሐፎቹ ላይ። በየትኛውም ቦታ አፍ አላወጣችም። ፊደሉን የማያውቅ ለቃሚ ሆንኩ። ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ፀሐይዋ ከምንጣፉ ጫፍ ወደ እግሬ መጥታ ነበር።

የነገረኝ አፍንጫዬ ነው።

ኩሽና ስገባ ጢሱ ጣራውን ይዞታል። ድስቱ ውስጡ ከሰል ሆኗል፤ መያዣ ጨርቁ ከምድጃው ዳር ተንጠልጥሎ ጫፉ ተያይዟል፤ እሳቱ መደርደሪያውን ሊልስ ነው። ጨርቁን እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም፤ ብቻ የዕቃ ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ወረወርኩት፣ ጋዙን ዘጋሁት፣ መስኮቱን ከፈትኩት። የግራ እጄ ሁለት ጣት ተጠብሷል፤ ቀላል ነው፣ አትጨነቂ፤ የምጽፈው በቀኜ ነው። ያን ጊዜ ነበር ብይዋ የምን እንደነበረች የገባኝ።

በሩ ተንኳኳ። የጎን ጎረቤታችን ናት፤ ባለፈው ወር የወለደችው። ሕፃኑን በፎጣ ጠቅልላ ታቅፋዋለች። «አባባ፣ ጢሱ ምንድን ነው? ደህና ነዎት?» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? «አለቃዬ አዲስ ሽቶ ገዝታ እየሞከርኩላት ነው» አልኳት። ሳቀች። «እርስዎ መቼም!» ብላ እየሳቀች ተመለሰች፤ አመነችኝ። በሩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። የኩሽናችን ግድግዳ እኮ የዚያ ሕፃን መኝታ ክፍል ግድግዳ ነው። ማዶ አልጋው አለ፤ ሲያለቅስ በግድግዳው ይሰማኛል። ያን ጊዜ ከእሳቱ ይልቅ የፈራሁት ቀልዴን ነው። ሰው በሳቀ ቁጥር እኔ አመልጣለሁ፤ እኔ ባመለጥኩ ቁጥር ያ ልጅ ከእሳት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል።

ግን ክፉ ልማድ ቶሎ አይለቅም፤ ለአንቺ አልዋሽም። መጀመሪያ ያደረግኩት ድስቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር መደበቅ ነው። ወለሉን ወለወልኩ፣ ጨርቁን ጣልኩ። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር ሳስገባው እናታችን የምትወዳት ማሰሮ ትዝ አለችኝ። የሰበርኳት እኔ ነኝ። ስባሪዋን ያንቺ አልጋ ሥር ደብቄ «ፌንጣ ናት፣ ስትዘል ነው» አልኩ። አንቺ ተገረፍሽ። አንድ ቃል አልተናገርሽብኝም። ይኸው ሰባ ዓመት ሆነን፤ ይቅርታ ብዬሽ አላውቅም፤ በየበዓሉ እያነሳሁ ስቀልድበት ብቻ ኖርኩ። የትናንቱን እረሳለሁ፣ እሷን ግን አልረሳም። ይቅር በዪኝ እህቴ።

ድስቱን መልሼ አወጣሁት። ማሰሮዋን ባንቺ ላይ ጣልኩ፤ ይሄን በማንም ላይ አልጥልም። ጠርሙሱን ወደ ዳር ገፋሁና የተቃጠለውን ድስት ከጠረጴዛዋ መሃል፣ ከጨርቁ ላይ አስቀመጥኩት። ሰማያዊዋን ብይ ውስጡ አኖርኳት። እውነቴን ነው፣ ጥቁሩ ላይ ስታበራ ታምራለች። ነገ የሚመጡት ባልደረቦቿ ምን እንደሚሉ እንጃ።

አለቃዬ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትገባለች። «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ትለኛለች። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ምላሴ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ቀልድ ነው። «አዲስ ፋሽን ነው» እንዳልላት ፈራሁ፤ እንዳልላት ብዬ ነው አስቀድሜ ለአንቺ የጻፍኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስትል እናታችንን ሰምተናታል። ይሄን ደብዳቤ ሳላሽግ ከድስቱ አጠገብ አኖረዋለሁ። አፌ ቢከዳኝ ወይም ጨርሶ ብረሳው አለቃዬ ታንብበው፤ አንብባ ስታበቃ አሽጋ ትላክልሽ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ነው። ወደ መጦሪያው ከላከችኝ እሄዳለሁ፤ እንደማልፈራ ግን አልነግርሽም፤ እፈራለሁ። ፀጉር አስተካካዩ አጠገብ እቀመጥና ተራዬን እጠብቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የትም ብሆን ጻፊልኝ። አንድ ቀን የማን ደብዳቤ እንደሆነ ብጠይቅም ጻፊልኝ። ያኔ አባታችንን ውሃ እንደሰጠሽው፣ ማን እንደሆንሽ ሳትነግሪኝም ቢሆን ስጪኝ።

ለዝምተኛው ባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ መልስ እንዲሰጥ አታስገድጂው፣ የዛሬ ኮታውን እንዳይጨርስ። ትልቁን ልጅሽን «ጢምህን ተላጭ፣ አጎትህን መሰልክ» ብሎሃል በዪው። ምራትሽን፣ ያችን ደግ ልጅ፣ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ያቺን የላከችልኝን ሹራብ ዛሬም ለብሻለሁ፣ ትንሽ ጢስ ሸተተ እንጂ። ጣሪያ ላይ የምትተኛው ድመትሽም ሰላም ትበል። አንቺን ግን ግንባርሽን ነው የምስመው፤ ጠጉርሽን ዛሬ አልጎትትም።

ደረጃው ላይ ጫማዋ ተሰማኝ። እሷ ናት፤ እርምጃዋን ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ወንድምሽ

ከሳሎኑ ጠረጴዛ ዳር፣ ከድስቱ ፊት ለፊት።
ቅዳሜ፣ ዘጠነኛው ወር። ጠጠሮቹን ሳላይ ነው የጻፍኩት፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።